ቀንድ አውጣው እና አማቴ

ጋሽ ኢያሱ ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ ይህን ሲያጫውቱን የምጽፍበት ነገር አልያዝኩም ነበር። ቃላቸውን እንዳለ ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ፤ ሆኖም የአንዳንዱ ነገር ቅደም ተከተል ተዛብቶብኝ ሊሆን ይችላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ጣልቃ የገቡት የት የት ላይ እንደሆነም በደንብ እርግጠኛ አይደለሁም። እንዲህ አሉ፦

በእኛ ጊዜ መኪና ሰው አይጭንም ነበር፤ ሰው ነበር መኪና የሚገፋው። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን እኮ ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ የናፍጣ። ታዲያ ሜዳ ላይ ሽው ነው የምትለው፤ ዳገት ስታይ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። እና ከቴፒ ወደ እኛ ሲመጣ ያለውን ዳገት ታውቁት የለ? ከግርጌው የአማቴ የአባባ ማሞ የቡና መሬት ነው፣ ራሱ ላይ ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያው።

እሸት ቡና ደግሞ፣ ልጄ፣ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የተለቀመው ቀይ ቡና በዚያው ቀን መፈልፈያው ውስጥ ካልገባ እዚያው ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ አለቀ። እኔ ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ግርጌው ላይ ቆሜ "ውረዱ!" እላለሁ። ሰዉ ይወርዳል፣ ግማሹ ጆንያ ይወርዳል፣ ግማሹን ይዤ እያቃሰትኩ እወጣለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ሌላውን አመጣለሁ። እና ያን ጊዜ የማጠቢያው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ሆኖ አፍንጫውን ጆንያው ውስጥ ይከትና "ይሄ ቡና ነው ወይስ እርሾ? መልሰው!" ይለኛል።

አንድ ቀን ታዲያ አባባ ማሞ ጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣" አሉኝ፣ "ልጄን ስሰጥህ ዝም አልኩ። ቡናዬን ስሰጥህ ግን ዝም አልልም። በሚመጣው ለቀማ አንድ ጆንያ ቢኮመጥጥብኝ እንደ አባቶቼ ቤቴ አደርቀዋለሁ፤ አንተም ያቺን ሰነፍ በቅሎህን ሌላ አገር ንዳት!" ሰፈሩ ደግሞ የሚሰማው እሳቸውን ነው። እሳቸው ካደረቁ ሁሉም ያደርቃል፣ ሁሉም ካደረቀ የእኔ ሥራ ቀረ ማለት ነው።

"እኔስ? እኔ በባሌና በአባቴ መሀል ቀረሁ አትልም?" አሉ ማርታ።

እሷም መሀል ቀረች። ታዲያ በዚያ ሰሞን ማጂ መንገድ ላይ ተገልብጦ የቀረ ትንሽ የጭነት መኪና ነበርና ባለቤቱ ሞተሩን እንድፈታለት ጠራኝ። ሞተሩ የእኔን ያህል ነው፣ ብዙም አይበልጥም፤ ከጎኑ ግን ቱርቦ አለው፣ ጥቅልል ያለች ብረት። "ለድካሜ ይቺን ስጠኝ" አልኩት፣ ሰጠኝ። ይዤ ግቢዬ ስገባ መስፍን የሚባል ጎረቤቴ፣ በያጅ ነው፣ ቀልደኛ፣ አገላብጦ አያትና "ጋሼ፣ ይሄ ቀንድ አውጣ ምን ይበላል?" አለኝ።

"ጭስ" አልኩት።

እውነቴን ነው! በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው፣ የሚጣለው ጭስ ውስጧ ያለውን አንዱን መዘውር ያዞረዋል፣ ያኛው በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላውን መዘውር ያዞራል፣ ያ ደግሞ አየር እየጠቀጠቀ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ብዙ አየር የጎረሰ ሞተር ናፍጣውን በደንብ ያቃጥላል፣ ጉልበት ያገኛል። ይህንኑ ለአባባ ማሞ ባስረዳ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ከጭስ ጉልበት ቢገኝማ የእኛ ወጥ ቤት ዳገቱን በወጣ ነበር!"

እና ፒካፗን ግቢዬ ካለው አቮካዶ ሥር አቆምኳትና ጀመርን። መስፍን የጭሱን መግቢያ በየደ፣ እኔ የአየሩን ቱቦ ገጠምኩ፣ ዘንጉን የሚያለሰልስና የሚያበርድ ዘይት የሚያመጣ ቀጭን ቧንቧ ከሞተሩ ሳብኩ፣ ዘይቱ የሚመለስበትንም እንደዚያው ቀጭን አድርጌ ጠምዘዝ አድርጌ አገባሁ። አስነሳናት። ፉጨቷን ብትሰሙ! "ፊ-ይ-ይ-ይ!" መስፍን ጨፈረ። ጭፈራው ሳያልቅ ግን ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ጎረቤት "እሳት! እሳት!" እያለ ባልዲ ይዞ ገባ። መስፍን ደግሞ "ጋሼ፣ ቀንድ አውጣው ሲጋራ ጀመረ" ይለኛል! ልመታው ነበር።

ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ደግሞ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ያው ጭስ ነው። ለቀማው እየደረሰ ነው፣ ማርታ አታናግረኝም...

"አናግርህ ነበር።"

"ጨረስክ ወይ?" ብቻ ነበር የምትይኝ! ታዲያ አንድ ቀን ማጠቢያው ጋ ቆሜ ቡናው ሲታጠብ አየሁ። ውኃው በቀጭን ቧንቧ፣ በግፊት ይገባል። ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፤ ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለት፣ ቁልቁለት ተደርጎለት፣ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ጭንቅላቴን ያዝኩ። የእኔም ዘይት እንደዚሁ እኮ ነው! በግፊት ገብቶ መውጫ ሲያጣ በጭሱ በኩል ይወጣል። እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ፤ መመለሻውን ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አድርገን ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ ጋር በየድነው። ጭሱ ጠፋ። ናፍጣውንም ትንሽ ጨመርኩላት፣ ትንሽ ብቻ፤ የሰሰተ ሳይሆን የተስገበገበ ነው ሞተር የሚያቀልጠው።

የለቀማው ቀን መጣ። ጆንያው ሞላ፣ ሰዉ ጆንያው ላይ ወጣ፣ መስፍንም አብሮ፣ አባባ ማሞ ከፊት። ግርጌው ላይ ደርሼ ማርሽ ልቀይር ቀዝቀዝ ሳደርጋት፣ እኔ ምንም ሳልል፣ ሰዉ ዱብ ዱብ ብሎ ወርዶ ጆንያ ማውረድ ጀመረ! ለምደዋላ! "ኧረ ተዉ! ዛሬ አይወረድም!" ብዬ ጮህኩ። እየሳቁ ተመለሱ። አባባ ማሞ ግን በሩን ከፍተው ወረዱና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እኔ በእግሬ ነኝ። ስትንሸራተት ከታች ሆኜ ነው የማይህ።"

ወጣኋት። እየፎጨች፣ ከነሙሉ ጭነቷ፣ ሳትቆም! መስፍን ከላይ "ብላ ቀንድ አውጣ! ብላ!" እያለ ይጮሃል። ራሱ ላይ ስደርስ ከማጠቢያው በር ትንሽ ቀደም ብዬ ቆምኩ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። እንዲያ ግላ ወጥታ በአንዴ ካጠፋኋት ዘይቱ ይቆማል፣ ቀንድ አውጣው ይቃጠላል፤ ዝም ብላ ሠርታ መብረድ አለባት። እና ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ።

አባባ ማሞ እያለከለኩ ደረሱ። ጆንያዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። "በሩ ክፍት ነው። ለምን አልገባህም?" አሉኝ።

ስለ ዘይቱ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ፣ ወደ ሰዉ ዞሩ። "አያችሁ? ቀድሞኝ መግባት ሲችል፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ቆሞ ጠበቀኝ። ልጅ ማለት ይሄ ነው!" መስፍን "አባባ፣ ዘይቱ እኮ..." ሲል እግሩን ረገጥኩት። ተቆጣጣሪው ደግሞ አፍንጫውን ጆንያው ውስጥ ከትቶ "ግማሹስ?" አለኝ። "ሁሉም ይኸው ነው" አልኩት። "ግቡ!" አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያድርቅ! ሰፈሩ በሙሉ እሸቱን ለእኔ ነው የሚጭነው። እኔም እሳቸው ኖሩም አልኖሩም ዳገቱ ራስ ላይ ሞተር ሳላጠፋ እቆማለሁ፤ ሌላውም ሾፌር እያየ ቆመ። ግን ይህን የዘይቱን ነገር ለማርታ እንኳ እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም።

"መስፍን በዚያው ሳምንት ነግሮኛል" አሉ ወይዘሮ ማርታ። "እኔም ለአባባ ነገርኩት።"

ጋሽ ኢያሱ ዞር አሉ። "ያውቁ ነበር?!"

"‹ዝም በይ፣ ይጠብቅ› አለኝ።"

ጋሽ ኢያሱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔ የሾፌሮቹን ነገር ተጠራጥሬ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቴፒ ስመለስ የተሳፈርኩባት ፒካፕ ዳገቱን ጨርሳ ራሱ ላይ ቆመች። የሚወርድ የለም፣ የሚሳፈር የለም፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። ሾፌሩን መኪናዋ ቱርቦ እንዳላት ጠየቅሁት፤ የላትም። "ታዲያ ለምን ቆምክ?" አልኩት።

"እዚህ ሲደረስ ሞተር አይጠፋም" አለኝ፣ በመስታወቱ ወደ ዳገቱ እያየ። "በእግሩ የሚመጣ ሽማግሌ ካለ ይጠበቃል።"