ዶሮ ናት ያልኋት ጥንቸል

እኛ በነበርንበት ጊዜማ እንስሳ ማለት የታወቀ ነው፤ በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፣ አህያ ትጫናለች፣ ውሻ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች። ተቀምጦ የሚበላ፣ ሥራው መታየት ብቻ የሆነ እንስሳ አናውቅም። አለ እንዴ? አንቺ ደብሬ፣ እስኪ በይ ንገሪኝ፣ በአባትሽ ቤት ለመታየት ብቻ የሚቀለብ እንስሳ ነበር? የለም። ታዲያ ይኸ ነገር ለእኔ ለደሴ ነው በስተርጅና የመጣብኝ። ሁላችሁም በየቤታችሁ ስትስቁብኝ መሰንበታችሁን ሰምቻለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴው ስሙት። ደግሞም እኒህ የነፍስ አባቴ፣ አባ ተገኝ፣ ነገሩ ውስጥ ስለነበሩበት፣ ብዋሽ እዚሁ ያርሙኛል።

ልጄ እመቤት፣ ባሕር ዳር ያለችዋ፣ ለእንቁጣጣሽ መጣች፤ ልጇን ቤዛንም ይዛ መጣች። ቤዛ ታዲያ ካርቶን ታቅፋለች፣ ካርቶኑ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። «አባባ ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ፤ ጨፈንሁ። ስገልጥ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ጆሮዋ እንዲህ ሽቅብ የቆመ ጥንቸል እግሬ ሥር ቁጭ ብላለች። «ጥጥዬ ትባላለች። አዲስ የተከራየንበት ቤት ባለቤት እንስሳ አላስገባም አለ። ሌላ ቤት እስክናገኝ አንተ ጋ ትቆይልኝ፣ አደራ አባባ!» አለችና አለቀሰች። አደራ ስትለኝ ምን ልበል? የሰው ስንቱን አደራ ተቀብዬ የለም እንዴ? ተቀበልሁ።

ሚስቴን ጥሩነሽን ታውቋታላችሁ። «በስመ አብ! ጥንቸል በቤቴ? የማትበላ፣ ርኩስ! ዕቃዬን ብትነካ እሰብረዋለሁ!» አለች።

«ማን ይበላታል አንቺ፣ ትቀመጣለች እንጂ» አልኋት።

«ተቀምጣ ምን ትሠራለች?»



ታዲያ እኔ፣ አደራ ናት፣ የከተማ ልጅ ናት ብዬ፣ ጥንቸሏን ማለቴ ነው፣ ምርጥ ምርጡን አቀርብላት ጀመር። ለእኛ የገብስ እንጀራ ቢሆን ለእሷ የጤፍ፤ የስንዴ ዳቦ ልብ ልቡን፤ ቅንጬ ሲሠራም አብርጄ። እንግዳ ናታ! ለእንግዳ ያለህን ነው የምታቀርብ። እሷ ግን ምን ታደርጋለች? ዳቦዋን ትታ ቱር ብላ ወደ ሣሩ። አቅፌ እመልሳታለሁ። ጥቅምት ገባ፣ ድርቆሼን አጨድሁ፣ ከመርሁ፤ ደግሞ ወደ ክምሩ። ከሥሩ ትገባና እየመዘዘች ቆርጠም ቆርጠም ስታደርግ አገኛታለሁ። «ተይ አንቺ! የበሬ ነው! ምን ጎደለብሽ? ሰው ቢያይስ አስርቦ ሣር ያስግጣታል አይለኝም?» እላታለሁ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሰው ነው የምቆጣት። ትሰማለች? ዞር ስል ተመልሳ እዚያው። በመጨረሻ ክምሩን ዙሪያውን በእሾህ አጠርሁት፤ ይኸ ጎረቤቴ አበጀም አገዘኝ። ይችን የእሾህ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤዛ ደግሞ ትደውላለች። «አባባ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ፣ ላናግራት» ትላለች። ከጓሮ እዞርና ስልኩን በዚያ በረጅም ጆሮ ላይ አስጠጋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ይኸው አበጀ፣ ይኸ የሚስቀው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና «አያ ደሴ፣ ማንን ከማን ነው የሚያገናኙ?» አለኝ። ቀለጥሁ! ደም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ተጣላ የተባለ ሁሉ የሚጠራኝ ሰው፣ ለጥንቸል ስልክ ይዤ!

እና ከርሞ ከርሞ ጥንቸሏ መብላት ተወች። ዳቦ አቀርባለሁ፣ ታሸትና ትተዋለች። ቅንጬ፣ ያው። አገጯ በለሃጭ ይርሳል፣ ጎኗ አጥንት ሆነ። ጥሩነሽ ሳትቀር፣ ርኩስ ያለችዋ ጥሩነሽ፣ «ኧረ ይች ፍጡር ልትሞት ነው» ብላ ጠበል ረጨቻት። በዚያው ሰሞን ቤዛ ደወለች። «ጥጥዬ እንዴት ናት?» «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኋት። ዋሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ ውሸት በውሸት ላይ ሆነ።

ምን ይደረግ? አርብ ገበያ ከተማ የከብት ሐኪም አለች፣ እሷ ዘንድ ልውሰዳት አልሁ። ነገር ግን ቀኑ ዓርብ፣ ገበያው የሞላ፣ ወሩ ደግሞ የገና ጾም። እስኪ አስቡት፣ በጾም፣ በዓርብ፣ ደሴ ጥንቸል ታቅፎ ወደ ገበያ! ሊበላት ነው ይላሉ፣ አለዚያም አብዷል ይላሉ። ስለዚህ ቅርጫት ውስጥ አስገባኋት፣ በነጠላ ሸፈንኋት፣ ወጣሁ።

ከመንገድ አንዲት እንቁላል ሻጭ ገጠመችኝ።

«አያ፣ ምን ይዘው ነው?»

«ዶሮ።»

«ዶሮ በቅርጫት? በነጠላ ተሸፍኖ? እግሩን ታስሮ ቁልቁል ነው እንጂ የሚሄድ!»

«ታሟል» አልሁ፣ ሌላ ምን ልበል።

«የታመመ ዶሮ ለገበያ! ኧረ ነውር ነው አያ፣ በዚህ ዕድሜዎ!» አለችና ገላምጣኝ ሄደች። እና እኔ እውነቱን ከምናገር አጭበርባሪ መባሉን መረጥሁ። አያችሁ ሐፍረት ሰውን የት እንደሚያደርስ?

ጥቂት እንደሄድሁ እኒህ አባ ደረሱብኝ፣ ሬዲዮአቸውን ሊያስጠግኑ ይዘው። «ደሴ፣ ምን ይዘሃል?» አሉኝ። «ዶሮ ነው አባ» አልሁ። ለነፍስ አባቴ! «ለገና ነው?» አሉ። «አዎ» አልሁ። «እሰይ፣ ለበዓሉ በሰላም ያድርስልህ፣ ይባርክልህ» ብለው መስቀላቸውን ከቅርጫቱ ላይ አሳረፉ። አይደል አባ? ያኔ ጥንቸሏ ከነጠላው ሥር ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ክሊኒኩ ደረስሁ። ግቢው በበሬ፣ በበቅሎ፣ በበግ ሞልቷል፣ ገበሬውም ግማሹ የማውቀው ነው። ከግንቡ ሥር ቅርጫቴን አቅፌ ተቀመጥሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። «አባቴ፣ ተራዎ ነው» ትለኛለች፤ «ግድ የለም ልጄ፣ በሬው ይቅደም» እላለሁ። ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይቅደም እላለሁ። «እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው፣ ተራቸውን ለሰው የሚለቁ!» ይሉኛል። ደግነት መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ተስተናግዶ እስኪሄድልኝ ነው የምጠብቅ። ሰው ሳያይ በነጠላው ሥር እጄን ሰደድሁ፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ያ ስልክ የማስጠጋበት ጆሮ በረዶ ሆኗል። ልጅቱ «ጥጥዬ ሰማችኝ?» ስትል ትዝ አለኝ፣ እና ተነሣሁ። ቀስ ብዬ ከሐኪሟ ጆሮ «ጥንቸል ናት» አልኋት፣ ሰው እንዳይሰማ።

አልሳቀችም፣ ትባረክ። የጥንቸሏን አፍ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጥርሷ ረዝሞ፣ ተቆልምሞ፣ የማጭድ ጫፍ መስሏል። «አባቴ፣ መብላት ጠልታ አይደለም። ጥርሷ አድጎ አፏ አልገጥም ብሏት ነው፤ የውስጡም ምላሷን እየቆረጣት ነው። መሞረድ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ጥንቸል ተምረናል፣ ታማ ስትመጣልኝ ግን የመጀመሪያዬ ናት፤ መምህሬን በስልክ እጠይቃለሁ። ያለኝ ሞረድ ግን የበቅሎ ጥርስ መሞረጃ ነው» ብላ አወጣችው፤ ከጥንቸሏ ራስ ይበልጣል። «ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ቀጭን ሞረድ አይጠፋም፤ ይሮጡና ተውሰው ይምጡ፣ ቶሎ፣ ደክማለች።»

በገበያው መሐል ሮጥሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ደጃፍ ሰው ከብቧል።

«ልጄ፣ ቀጭን ሞረድ አውሰኝ፣ ለሐኪሟ ነው።»

«ሞረዴን? ለምን ሥራ?»

«ለጥርስ።»

«ለማን ጥርስ? ለእርስዎ?»

«አይ… ለዶሮ ነው» አልሁ። ለምዶብኛላ!

«ዶሮ ጥርስ አለው እንዴ አያ?» ብሎ ቀና አለ፣ ሰውም ሁሉ ቀና አለ፣ ሳቁ መጣ። እኔ ታዲያ ያ የቀዘቀዘ ጆሮ እጄ ላይ አለ፣ ሐኪሟ ቶሎ ብላኛለች፣ እና ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጮኽሁ። «ለጥንቸል ነው! ለጥንቸል ጥርስ! ጥንቸሌ ልትሞትብኝ ነው! የልጅ ልጄ አደራ ናት!»  ከሰዉ መሐል አንድ ጥምጥም ዞር አለ፣ አባ ተገኝ!

«ያችው… የባረክሁልህ?» አሉኝ።

«አዎ አባ» አልሁ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

ወደ ጠጋኙ ዞረው «ስጠው ልጄ፣ ሞረዱን ስጠው፣ የኔ ሬዲዮ ይቆያል» አሉት። እግዜር ይስጥልኝ አባ፤ ያን ቀን አፍሬ ሳላመሰግንዎ ነው የሮጥሁ።

ሐኪሟ ሞረዱን በሚገባ ቀቅላ አጠበች። እኔ ጥንቸሏን በነጠላ ጠቅልዬ ያዝሁ። ልቧ በመዳፌ ውስጥ ድው ድው ድው ይላል። ሐኪሟ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ፣ መምህሯ «ቀስ፣ ከውስጥ በኩል፣ ምላሷን ጠብቂ» እያሏት፣ የፊቱን ጥርስ ሞረደች፣ ከዚያ የስልክ መብራት አስይዛኝ የውስጡን ሞረደች። ጨረሰችና ላቧን ጠረገች።

«አባቴ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያበሏት?»

እዚህ ላይ ኮራሁ! አደራዬን እንዴት እንደያዝሁ ይሰማልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ምን ያልሰጠኋት አለ ልጄ! የጤፍ እንጀራ፣ የስንዴ ዳቦ፣ ቅንጬ!»

«ሣርስ?»

«ሣር? ኧረ ምን በወጣት! እንግዳ አይደለችም? ለእንግዳ ሣር አቀርባለሁ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባቴ፣ የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም። የሚያሳጥረው ሣርና ድርቆሽ ማኘክ ነው። እንጀራና ዳቦ ለስላሳ ነው፣ ምን ይሞርደዋል? ድርቆሽ የለዎትም?»

ይኸን ጊዜ በሬውን ይዞ የቆመ አንድ ያገሬ ሰው፣ ነገሩ ሳይገባው፣ ሊያወድሰኝ ብሎ «የአያ ደሴ ድርቆሽ! በሰፈሩ የእሳቸውን ክምር የሚያህል የለም!» አለ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልሁ ቆምሁ፣ እና ያ እሾህ ትዝ አለኝ። በሽታዋንም መድኃኒቷንም ጥንቸሏ ታውቅ ኖሯል፤ በየቀኑ እየሄደች ታሳየኝ ነበር። እኔ አቅፌ እመልሳታለሁ፣ እቆጣታለሁ፣ ኋላም አጥር። በመንገድ ሳፍር የነበረው፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ እሱ ሐፍረት አልነበረም ለካ። እውነተኛው ይኸኛው ነው፤ እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል።

ቤቴ ስገባ ቅርጫቱን ሳላወርድ እሾኹን ነቀልሁ። ከቅርጫቱ ሳወጣት ብዙም ሳትቆይ እየተንገዳገደች ወደ ክምሩ ሥር ገባች፣ አንድ ዘለላ መዘዘች፣ ቆርጠም፤ ደግሞ ሌላ፣ ቆርጠም። ጥሩነሽ ከበሩ ላይ ቆማ «እሰይ እሰይ» ትላለች። እኔ ስልኬን አወጣሁና ደወልሁ። ዋሽቼሻለሁ፣ ታማ ነበር፣ ልትሞትብኝ ነበር ብዬ ለቤዛ ሁሉንም ተናገርሁ። 

«አባባ… ሣር አትሰጣትም ነበር እንዴ?»

«አንቺስ ምነው ሣር ስጣት ሳትዪኝ ሄድሽ?» አልኋት፣ ጥፋቱን ላካፍላት ፈልጌ።

ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ገበሬ ነህ ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

ይኸው ነው። ገበሬ ነህ ብዬ ነዋ! ዕድሜዬን ሁሉ ሣር ሳጭድ የኖርሁ ሰው! ሳቁ እንጂ! አበጀ፣ በል እንጂ፣ በአጥሩ ላይ ስትስቅ የነበርህ፣ አሁን ምን አንገትህን አስደፋህ?

«ኧረ አያ ደሴ፣ ምን ልሳቅ» አለ አበጀ፣ ራሱን እያከከ። «እኔስ ገበሬ አይደለሁ? እሾኹን የቆረጥሁልዎ ማን ሆነና!»