የዘነበ «በሞቴ»

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ እናቶቼ፣ ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ለዘነበ ብላችሁ ነውና አላህ ይስጥልኝ። ኢድሪስ እባላለሁ። እኔን እስላሙን እዚህ መካነ መቃብር አቁመው እንድናገር የፈቀዱልኝን አባቶች አመሰግናለሁ። ከዘነበ ጋር ስድስት ዓመት በአንድ መኪና ሄጄ፣ በአንድ ኩሽና ሠርቼ፣ በዚያው መኪና ተመልሻለሁ።

ያንን ቤት የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከተዘጋ ገና ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ምንጣፍ ይሸጥበታል። ያኔ ግን ሳን ሆዜ ውስጥ ሰው ራቱን እየበላ ታሪክ የሚያይበት ሬስቶራንት ነበር። ተዋናዮች የድሮ አሜሪካኖችን ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ዊግ አጥልቀው፣ ከእንግዳው ጋር ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። አንዱ ፍራንክሊን ነኝ ይላል፣ አንዱ ጄፈርሰን። እንግዳው ይጠይቃል፣ እነሱም እዚያው እንደነበሩ ሆነው ያወራሉ። ዘነበ አስተናጋጅ፣ እኔ ሰሃን አጣቢ። አቤት ያ ጊዜ!

በፈረንጅ ሰማንያ ሦስት ላይ ነው፤ የዘነበ የመጀመሪያ ሺፍት። ፍራንክሊን የሆነው ሽማግሌ ፊት የተጠበሰ ዶሮ ተቀምጧል። አይነካውም። ለካ ተዋናይ በሥራ ላይ አይበላም። ይሄን ለዘነበ ማን ነገረው? ማንም። ለእሱ የታየው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ሲበላ አንድ ሽበታም ጦሙን ተቀምጦ ሲያወራ። ዘነበ ይሄን አይቶ ያልፋል? እናንተው ፍረዱ!

ጎንበስ ብሎ «ፕሊስ ኢት፣ ሰር» አለ። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ዘነበ ሁለተኛ ሄደ። አሁንም እምቢ። በሦስተኛው፣ ሁላችሁም የምታውቋትን ቃል እንዳለች ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ ለቀቃት፦ «ባይ ማይ ዴዝ፣ ሰር፣ ኢት!»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ጭብጨባ! እንግዳው የሁለት መቶ ዓመት እንግሊዝኛ የሰማ መስሎት። ሽማግሌውም መግቢያ ቢጠፋው አንዴ ጎረሰ። ዘነበ ግን ላብ በላብ ሆኖ ኩሽና ገባና፣ «ኢድሪስ፣ አለቀልኝ፤ ፋየር ሊያደርጉኝ ነው» አለኝ።

ፋየር አላደረጉትም። በሳምንቱ ማኔጀሩ ጠርቶ የናስ ቁልፍ ያለው ኮትና ነጭ ረጅም ካልሲ አቀረበለት። «ያቺን ቃል በየማታው ትላታለህ፤ አንተም ተዋናይ ነህ» አለው። ዘነበ ኮቱን ዳሰሰ ዳሰሰና፣ «ይሄን ይለብስ የነበረው ሰው በእነ ጄፈርሰን ቤት ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የባሪያ ልብስ መሆኑ ሁላችንም ገባን። ዘነበ ኮቱን አጣጥፎ መለሰለት። «እኔ በሞቴ የምለው ሰው ሳከብር ነው። የሰው ንብረት ሆኜ አልላትም» አለ። እንግሊዝኛው ተሰባብሯል፤ ነገሩ ግን አልተሰበረም። ከዚያ በኋላ በገዛ ጥቁር ሰደርያው፣ ደስ ባለው ቀን፣ ለወደደው ሰው አላት።

እኔንስ? ሥጋችን እንደማይገናኝ ታውቃላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰሃን ዓሣ ሳያስቀምጥልኝ የቀረበት ቀን የለም። ካኮረፍኩ ደግሞ፣ «ዓሣ ሃይማኖት የለውም፤ በሞቴ!» ይለኛል። ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ፣ በኒሚትዝ ፍሪዌይ ላይ፣ በዚያች ቃል ስንስቅ እንመጣለን። እነዚያን መንገዶች ዛሬ ብቻዬን ስነዳቸው ይረዝሙብኛል።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል አጠገቡ ነበርኩ። እህል ትቷል። በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ሾርባ ይዞ ገባ። ፍራንክሊን የሆነው ያ ሽማግሌ ነው! ዊጉ ሲወልቅ ዛሬም ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ። ዴቪድ፣ ይኸው እዚያ ጋ ቆሟል። ማንኪያውን ወደ ዘነበ አፍ አስጠጋና በአማርኛ «በሞቴ» አለው። ዘነበ በዚያ በደከመ እጁ የልጁን አፍ ከደነው። «አንተ አትበል። የአንተ ሩቅ ነው» አለው። ሦስት ማንኪያ ጠጣለት። ከዚያ ወዲያ የቀመሰው ነገር የለም።

ሮማነወርቅ፣ እህቴ፣ አሁን ላንቺ ነው የምናገረው። ልጅሽ ፅጌረዳ ትናንት ኮል አድርጋልኝ ነበር። «አንክል ኢድሪስ፣ ማሚ ኢዝ ኖት ኢቲንግ» አለችኝ። ባልሽ ከሞተ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በሞቴ ብሎሽ እምቢ ብለሻል። እውነትሽን ነው። እኛ በሞታችን ስንምል ሞቱን የት እናውቀውና? ዛሬ የቃሉ ባለቤት ይኸው ተኝቷል። እኔ አልለምንሽም፤ እሱ ነው የሚለምንሽ። ቴሜስካል ሰፈር ቤትሽ ስንደርስ መጀመሪያ የሚቀርብልሽን ሰሃን እንዳትገፊ። አብሽሪ።

ዘነበ፣ ወንድሜ፣ ስድስት ሰሃን በአንድ እጅህ ይዘህ ምንም እንዳልያዘ ሰው ነበር የምትሄደው። አፈሩም እንደዚያ ይቅለልህ። ሺፍትህ አልቋል፤ ሰደርያህን አውልቅና እረፍ። ዕቃውን ለእኔ ተወው። ዛሬ ሮማነወርቅ የበላችበትን ሰሃን በእጄ አጥቤ፣ ነገ መጥቼ እነግርሃለሁ።