ሚዶ ያላየ ጠጉር

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሹሩባ ሠሪ አጠገቧ ያሉትን አሮጊት ታዋራለች።

«እማማ፣ ጠጉርዎን በየስንት ቀኑ ያበጥሩታል?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ሚዶ አላየም።»

«ሙት ዓመቱ አልወጣም?»

«ወጥቷል። ነገ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው። ልጄ እንዲህ ሆኜ ስታየኝ ታለቅሳለች።»

«በየሁለት ቀኑ ካላበጠሩት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ኋላ መላጨት ነው።»

«እንደ በግ ልትሸልቺኝ?»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የባና ሱፍ እፈትላለሁ።»

«ሳይነድፉት?»

«ምን ሲደረግ። ይቋጠርብኛላ።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጠጉራቸው ስትመልስ፣ አሮጊቷ ራሳቸውን ዳሰሱ።

«ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ይፈታል?»

«ከጫፉ ከጀመርን።»

«በይ ሚዶሽን አውጪ።»

እኔም ጣቶቼን ከጥቁር ሻሼ ሥር አስገብቼ፣ ጠጉሬ እስከ የት እንደሚያሳልፋቸው ሞከርኩ።