ሽቦው አጥሮ እኔን ከበድሽ አሉኝ

ከብስክሌት የወደቀ ሰው ቁስሉ ይሽራል። የእኔም ክንድ ትንሽ ጠመም ብሎ ዳነ። ያልዳነው ስሜ ነው። ከከተማው ዳር ካለው ቡሹሎ ጎመንና ካሮት ጭኜ ወደ ሰፈሬ ወደ አዲስ ከተማ ስመጣ የኋላ ጎማዬ እንደ ቂጣ ታጥፎ መንገድ ላይ ከዘረጋኝ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ዳምጠው» ይለኛል። ያንን አስፋልት የሚደፈጥጥ ከባድ መኪና ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጣልኝ ባጃጅ ነጂው ሽመልስ ነው። ምክንያቱን የሰጠው ግን ጎማውን የሠሩልኝ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው። የተጣመመውን ጎማ አየት አደረጉና፣ «ምን ላድርግ ሙሉጌጥ፤ ሥራዬ ደህና ነበር፣ ከብደሽው ነው» አሉ። ሻይ ቤቱ ደጅ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከዚያ ወዲያ ብስክሌት ላይ አልወጣሁም። ጎመኔን በእግሬና በባጃጅ ሳመላልስ ዓመታት ሄዱ።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት የጎመን እስር ይዤ በጋሽ ወልደጻድቅ ደጅ ሳልፍ አንዲት ወጣት ስትከራከራቸው ሰማሁ። ሩት ትባላለች። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባህል አዳራሽ አካባቢ ለሰፈር ልጆች ሰርከስ ታሳያለች። ይዛ የመጣችው ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ነበር። መሪ የለው፣ ሰንሰለት የለው፣ ፍሬን የለው፤ አንድ ጎማ፣ አንድ ኮርቻና ሁለት ፔዳል ብቻ። ጎማው የሚለብስበት ክብ ብረት፣ ቸርኬው፣ ተጎድቶባት አዲስ ገዝታለች። መሃል ያለውን ሞዞ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር በሽቦ እንዲያያይዙላት ነው የመጣችው። ለመጪው በዓል ትርኢት አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ልትነዳው ነው።

ጋሽ ወልደጻድቅ ከቆርቆሯቸው አንድ እፍኝ ሽቦ ዘግነው ጨርሰዋል። የጎማው ቁጥር ከልጆች ብስክሌት ጎማ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የልጆች ብስክሌት ሽቦ ይሆነዋል ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ጎማው እኩል ቢሆንም ሞዞው እኩል አይደለም» አለቻቸው ሩት። «ሽቦው ከሞዞው ተነስቶ ቸርኬው ጋ ነው የሚደርሰው። መነሻው ሲለያይ መንገዱም ይለያያል። እባክዎ መጀመሪያ እንለካው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጎማ ስሠራ እናትሽ ገና አንቀልባ ላይ ነበረች።»

እሷ ስልኳን አወጣች። የሞዞውን ስፋት፣ የቸርኬውን ውስጡን፣ የቀዳዳውን ብዛት አስገብታ ልኩን አስልታ መጥታለች። እሳቸው ስልኩን ከሩቅ አዩት።

«ይሄ ስልክሽ ግራሶ ነክቶ ያውቃል?»

ሻይ ቤት ያሉት ሳቁ፤ ሽመልስም አብሮ ሳቀ። ሩት ግን አልተቆጣችም። ሽቦው ቢያጥር ምን እንደሚያደርጉ በትሕትና ጠየቀቻቸው። «ቢያጥር ሳላቆላልፍ ቀጥ አድርጌ አስገባዋለሁ፣ ቢረዝም ጫፉን በሞረድ እበላዋለሁ» አሉ።

«ቀጥ ያለ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፣ ጋሼ። ይሄ ሰንሰለት የለውም፤ ፔዳሉ ሞዞው ላይ ነው የተተከለው። ለመሄድ ወደፊት እረግጣለሁ፣ ለመቆም ደግሞ ወደኋላ። በረገጥኩ ቁጥር ሞዞው ይጠመዘዛል። ያንን ጥምዘዛ የሚይዘው ሰያፍ ሆኖ የተቆላለፈ ሽቦ ነው፤ አንዱ ወደፊት ይስባል፣ አንዱ ወደኋላ። የረዘመው ደግሞ ሳይጠብቅ ጫፉ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ ያልቅበታል፣ ጫፉም ወጥቶ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ይወጋል። ያጠረው ማጥበቂያው ውስጥ በጥርሱ ጫፍ ብቻ ይንጠለጠላል።»

እውነቴን ነው፣ እስከዚህ ድረስ የማልፍ መንገደኛ ነበርኩ። ሥራ አለብኝ፤ ጎመን ፀሐይ አይወድም። ግን ጋሽ ወልደጻድቅ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው፣ «እንግዲያው አነዳድሽን አስተካክይ። ሽቦ ምን በወጣው፤ የሚከብደው ሰው ነው። ልጅ ትከሻሽ ላይ ሰቅለሽ ኋላ የእኔን ሥራ ልታሚ ነው?» አሉ።

እግሬ ቆመ። የጎመኑን እስር መሬት አስቀመጥኩት።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ገና ሳትወድቅ ከበድሽ አሏት?»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ሙሉጌጥ፣ አንቺ ደግሞ በዚህ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ያወቅሁት ነገር ስለሆነ ነዋ። እኔን ከወደቅሁ በኋላ ነው ያሉኝ። እሷን አስቀድመው ነገሯት።»

ከዚያ ስልኩን ትተው በክር እንዲለኩ ለመንኳቸው። የጎመኔን ሲባጎ ፈትቼ ለሩት ሰጠኋት። ቸርኬውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ ሞዞውን በጣውላ ደግፋ ልክ መሃሉ ላይ አቆመችው። ሲባጎውን ከሞዞው ቀዳዳ አነሳችና ሽቦው በሚሄድበት በሰያፍ ወስዳ ቸርኬው ላይ ሽቦው ጠብቆ እስከሚቆምበት ድረስ ወጠረችው፤ እዚያ ላይ ቆረጠችው። ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ሲባጎ ሲሆን መሳቅ አልቻሉም፤ ሲባጎ የሳቸውም መሣሪያ ነው። ቁራጩን ከቆርቆሮው ሽቦ ጎን አስተኛችው። ሽቦው በጥፍር ልክ አጠረ።

«ይህ ሁሉ ንትርክ ለዚች ነው? ሲጠብቅ ይሳባል» አሉ።

ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሄድኩ። ያን የታጠፈ ጎማ አልጣልኩትም ነበር። የዶሮ ቤቴ መክደኛ ሆኖ ኖሯል። ዶሮዎቹን ለፀሐይ ትቼ ጎማውን ከነላባው ተሸክሜ መጣሁና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ሽመልስም ሻይውን ይዞ ጠጋ አለ፤ «ዳምጠው ጎማዋን አመጣች» ሲል ሰማሁት።

ሩት ጎማውን ወደ ብርሃን አዞረችው። የተላቀቁትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ፣ አንድም የተበጠሰ የለም። ሁሉም ተመዘው ነው የወጡት። ይኸው ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ተልጧል፤ ከሱ በታች ያለው ግን ማንም አልነካውም። ማጥበቂያው የያዘው ጫፉን ብቻ ነበር።»

ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንዱን ሽቦ አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሱን ቧጠጡት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ሲባጎ ቆርጠው የእኔን ጎማ ራሳቸው ለኩት። ሁለት ጊዜ ለኩት። ሲባጎው ረዘመ፣ ሽቦው አጠረ።

«ያኔ ከቆርቆሮው ያገኘሁትን ነው ያስገባሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ይደርሳል ብዬ።»

«ደረሰ?»

«መድረሱንስ ደረሰ። አልያዘም እንጂ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አልከበድሽም ነበር፣ ሙሉጌጥ።»

«ያኔ ቀስ ብለው አልነበረም የተናገሩት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌ ናቸው፤ ጨከንኩባቸው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ስሜ የጠፋው በአደባባይ ነው። እሳቸውም ገባቸው። ተነስተው ሻይ ቤቱ ደጅ ቆሙና ያ ጎማ የታጠፈው በሥራቸው እንጂ በእኔ ክብደት እንዳልሆነ፣ ሽመልስን በስሙ ጠርተው ተናገሩ። ሽመልስ ብርጭቆው ውስጥ አየ።

አሁን የምለው ይህ ነው። የሚያናድደኝ ሰው መሳሳቱ አይደለም፤ ማን የማይሳሳት አለ? የሚያናድደኝ ሳይለካ ሠርቶ ጥፋቱን በሌላው ገላ ላይ መለጠፉ ነው። ልብስ ሰፊው ቀሚሱ ሲጠብ ዳሌሽ ነው ይላል። ጫማ ሠሪው እግርሽ ሰፊ ነው ይላል። እኛም አንገታችንን ደፍተን እሺ ብለን፣ ከፍለን እንሄዳለን። ለካ መጠየቅ ይቻል ኖሯል፤ ለክተኸዋል ወይ ማለት ይቻል ኖሯል። ይሄን ለመጠየቅ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ጋሽ ወልደጻድቅ ያን ቀን አዲስ አበባ ላለው ነጋዴ ደወሉ። ዱሮ «የብስክሌት ሽቦ ላክልኝ» ነበር የሚሉት፤ ያን ቀን ግን ሩት አጠገባቸው ቆማ ልኩን ነገሩት። ሽቦው በአውቶቡስ መጣ። እያቆላለፉ አስገቡት፤ እያንዳንዱ ማጥበቂያ ጥርሱን እስከ ውስጥ ነክሶ ያዘ፣ ጫፍም አልወጣ። በበዓሉ ሩት ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ወደፊት ነዳች፣ ቆመች፣ ወደኋላ ነዳች። ጋሽ ወልደጻድቅ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ልጅቷን ሳይሆን ጎማውን ነው ሲያዩ የነበሩት። ዛሬ ሱቃቸው ውስጥ ሲባጎ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳይለኩ ቆርቆሮውን አይከፍቱም። ጎማ ሠርተውለት ተመልሶ የሚጨቃጨቃቸው ሰው ቀንሷል፤ እሳቸውም እረፍት አገኘሁ ይላሉ።

እኔስ? ብስክሌቴን ከጓሮ አወጣሁ። አዲስ ቸርኬ ገዛሁና ጋሽ ወልደጻድቅ ዘንድ ወሰድኩት። ሲባጎውን ሲወጥሩ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። በማግስቱ ቡሹሎ ሄጄ ጎመን ጫንኩ፤ ከዱሮው አብዝቼ ነው የጫንኩት፣ እያወቅሁ። መጀመሪያ መሪው ወዲያ ወዲህ አለብኝ፤ አስፋልቱ ላይ ስወጣ ግን እጄ ለመደ። ሻይ ቤቱ ጋ ስደርስ ሽመልስ ባጃጁን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቁሞታል። ደወሌን ደወልኩ። አየኝ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፤ ባጃጁንም ገፋ አድርጎ መንገድ ለቀቀልኝ።

ፍሬን አልያዝኩም።