ዶክተር በላይነሽ ደምሴ፦ ያለ ማደንዘዣ ቢላ ያላነሡት የእንስሳት ሐኪም

እህታችንን ለመሸኘት ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሲሪንቃ መጥታችሁ በዚህ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የኑሯቸውን ነገር ጥቂት እንድትሰሙልን በትሕትና እንለምናለን።

ዶክተር በላይነሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ አያሌውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ ይመር በ1974 ዓ.ም. እዚሁ ግራና ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በትውልድ ቀያቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን ወልድያ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተምረው፣ በእንስሳት ሕክምና በዶክትሬት ከተመረቁ በኋላ በመርሳ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ። በ2001 ዓ.ም. ከመምህር ቢኒያም ካሣ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኤደንንና ኤርሚያስን ወለዱ።

የሀብሩ ወረዳችን ገበሬ ለበሬውና ለላሙ ሲጠራቸው ቢውልም፣ እርሳቸው ቡችሎች በጆንያ ታስረው ወንዝ ሲጣሉ ማየት ስላልቻሉ፣ ሴት ውሾችን አደንዝዘው በቀዶ ሕክምና ማምከን ጀመሩ። ልብና ትንፋሽ ሳያዳምጡ፣ ክብደት ሳይመዝኑ መርፌ አይወጉም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ውሻይቱ ነቅታ በእግሯ እስክትቆም ድረስ ብርድ ልብስ አልብሰው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አቶ ጀብሪል ፍየል የምትጠብቅላቸውን ውሻ አመጡ። ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ ተነግሯቸው ነበር፤ ሲጠየቁም አልቀመሰችም አሉ። ውሻይቱ ግን ከደነዘዘች በኋላ አስመለሳትና ያስመለሳት ነገር ወደ ሳንባዋ ገባ። ዶክተር በላይነሽ ጉሮሮዋን ጠርገው፣ ደረቷን እየተጫኑ ብዙ ቢደክሙም አልተመለሰችም። አቶ ጀብሪልም፣ «ጠዋት ስታለቅስብኝ አንጀቴ አልችል አለኝና ትንሽ ወተት ሰጠኋት» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ዶክተር በላይነሽም፣ «ለምን እንደማትበላ አላስረዳሁዎትም፤ ከልክዬዎት ብቻ ሄድኩ» ብለው አብረዋቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሰው ምክንያቱን ቁጭ ብለው ሳያስረዱ ቀዶ ሕክምና አላደረጉም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲደርስ የክሊኒኩ መድኃኒትና መሣሪያ ጠፋ። ሰላም ሆኖ ሥራ ቢጀመርም ማደንዘዣው አልመጣም፤ ባለቤት አልባ ውሻ ግን በዛ፣ ልጆችም ተነከሱ። አንዳንድ የሰፈሩ ሰዎች፣ «ዶክተር፣ አፏን አስረን እንያዝልዎት፣ እንዲሁ ይቁረጧት» ብለው ለመኗቸው። «ታስራ ስትጮህ ሆዷን የምከፍትበት እጅ የለኝም፤ ሕመሙ ራሱ ይገድላታል» ብለው እንቢ አሉ። መድኃኒት ፍለጋ ደሴ ድረስ ደጋግመው ተመላለሱ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በመጨረሻ ሰፈሩ መርዝ አስቀመጠ። በማግስቱ መንገድ ላይ የወደቁትን ውሾች፣ እርሳቸው ያመከኗቸውም ጭምር ነበሩበት፣ በጋሪ ሲያስነሡ ውለው ወደ ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የተናገሩት «ምንም አልቻልኩም» የሚል ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ታመው ሲመረመሩ ካንሰር ሆኖ፣ ወደ ጉበታቸውም አልፎ ተገኘ፤ ሐኪሞቹም ቀዶ ሕክምና እንደማይጠቅም ነገሩን። ወደ ቤት አመጣናቸው። የሕመም ማስታገሻው አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። በጠፋ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ መምህር ቢኒያም እጃቸውን ይይዛሉ፣ ኤደን እግራቸውን ታሻለች፣ እኛ ወንድሞቻቸው በረንዳ ላይ ቆመን መድኃኒት ፍለጋ ስልክ እንደውላለን። ጠበል ተጠመቁ፣ ቆረቡ፣ ባለፈው ሌሊትም በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ወላጅ እናታቸውን ወይዘሮ ብዙነሽን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና በየበረቱ ስማቸውን የሚጠሩ ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ ሕመማቸውን ልናቀልላቸው አልቻልንም፤ ሁሉን የሚችለው አምላክ ግን ነፍሳቸውን ሕመም በሌለበት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፣ ለልጆቻቸውም እናት የሚሆን ጽናት ይስጥልን። አሜን።