የግራዝማች እጅጉ ጠመንጃና የኮርኒሱ መንጠቆ

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ንግሥቴ ወልደ ገብርኤል
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ጠጅ ንግድ
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ፣ ከገበያው ግርጌ
ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 1959 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በአቶ ዘሩ ላይ ስለደረሰው የጥይት ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ አናጢው ቢሆነኝ

ስሜ ከላይ የተጻፈው እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያስጠናኝ ይህን እናገራለሁ።

መንጠቆውን የሰቀለው ቢሆነኝ ነው፤ ይህን አልክድም። ባለፈው ጥቅምት በጠጅ ቤቴ ኮርኒስ ላይ የፋኖስ ማንጠልጠያ ሲያበጅልኝ ፋኖሱን ይዤ ከሥሩ ቆሜ ነበር። ኮርኒሱ ስስ ጣውላ ስለሆነ ምስማር አይይዝም ብሎ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ያገኘውን ክንፍ ያለው ብሎን አመጣ። ብሎኑ ክንፉን አጥፎ በቀዳዳው ይገባል፤ ከጣውላው በላይ ሲደርስ ክንፉ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቶ ይይዛል። መንጠቆው ከታች በብሎኑ ጫፍ ላይ ነው። «እትየ፣ ላጽዳው ብለው እንዳያዞሩት፤ ከተፈታ ክንፉ እላይ ይቀራል» አለኝ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አመሻሽ ላይ ቤቴ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። የቤቴ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ባለጠመንጃ ሁሉ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን በግድግዳው ችካል ላይ ሰቅሎ ይቀመጣል። ግራዝማች እጅጉ ሲገቡ ግን ችካሉን አይተው ጠመንጃዬ ከገበሬ ጠመንጃ ጎን አይሰቀልም አሉ። ፋኖሱን አውርደው ጠመንጃቸውን በመንጠቆው ላይ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ሰቀሉት። ጥይቱን ያውጡ ብላቸው «የእኔ ጠመንጃ ባዶ ሆኖ አያውቅም» አሉኝ። ማንገቻው በጠፍር የተቀጠለ አሮጌ ቆዳ መሆኑን አይቼ ተናግሬ ነበር፤ ሳቁብኝ። ጥቂት እንደቆየ ማንገቻው ከተቀጠለበት ላይ ተበጠሰ። ጠመንጃው በሰደፉ መሬቱን መትቶ ባረቀና ጥይቱ ከጅጋ እህል ሊሸጥ የመጣውን የአቶ ዘሩን ጭን አገኘው። መንጠቆው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፋኖሱን መልሼ የሰቀልሁት በዚያው ላይ ነው፤ የዘሩን ደም ያጠብነውም በዚያው ብርሃን ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንዳለው የሚባለው የግራዝማች አሽከር ጠረጴዛዬ ላይ ወጥቶ መንጠቆውን እያዞረ ሲፈታ ደረስሁበት። ምን ትሠራለህ ስለው ለፖሊስ የሚሰጥ ማስረጃ ነው ብሎኝ ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ አናጢው ቢሆነኝ «የሰቀለው መንጠቆ ተነቅሎ ሰው አስመታ» ተብሎ ታሰረ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ ያን ዕለት ጠጄን ሲጠጡ የነበሩት ሁሉ አላየንም አሉ። ግራዝማች ሽማግሌ ልከውብኝ «አንቺን ምን አገባሽ» ተባልሁ። ጥይቱ የተተኮሰው በቤቴ ነውና ያገባኛል ብያለሁ። ጠጅ ቤትሽ ይዘጋል ቢሉኝም ይዘጋ ብያለሁ። የሰው ልጅ በሐሰት ታስሮ እኔ ጠጅ ስቀዳ አልገኝም።

መንጠቆው ተነቅሎ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ክንፉ ጣውላውን ቦድሶ አብሮ ይወርድ ነበር። እዚህ ጠረጴዛችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት መንጠቆ ክንፍ የለውም። ክንፉ እስከ ዛሬ ከኮርኒሴ በላይ ነው፤ ቀዳዳውም ንጹሕ ነው። መሰላል አቁሜ መጥቻለሁ፤ የሚወጣ ፖሊስ ይላክ። የተበጠሰውን ማንገቻም ግራዝማች ያምጡት።

ቃሌ ሲነበብልኝ «የአንድ ሰው ጠመንጃ» ተብሎ መጻፉን ሰማሁ። አንድ ሰው የሚባል ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ስማቸው ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቴ ተሰርዞ «የግራዝማች እጅጉ ጠመንጃ» ተብሎ ታርሟል። እንደገና ሲነበብልኝ የተናገርሁት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ ብዬ የአውራ ጣቴን አሻራ አድርጌበታለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ (አለ)

ቃሉን የተቀበልሁትና ስሙን ያረምሁት እኔ ነኝ፦ አሥር አለቃ ክንፈሚካኤል (ፊርማ)