መኪናዬን የቀማኝ መካኒክ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ነስሩ «ይርጋ፣ አጠር አድርገው» ብለውኛል። እኔ ሹፌር ነኝ፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነ ማሳጠር አልችልም።

የጋሽ ጎሹን የሽኝት ንግግር ለምን ለእኔ እንደሰጣችሁኝ ገብቶኛል። እዚህ ማኅበር ውስጥ እሱን የሚወደው ብዙ ሰው አለ፤ እንደ እኔ የሚቀናበት ግን የለም።

ዲላ የመጣበትን ቀን እነግራችኋለሁ። በ1988 ነው። አዲስ መካኒክ ይመጣል ተብሎ ላንድሮቨሯን አጥቤ፣ መስታወቷን አብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ይሄ ሰውዬ የመሣሪያ ሳጥኑን አስቀመጠ፣ እኔን አልፎ ሄደ፣ ጆሮውን ኮፋኖዋ ላይ ለጠፈ።

«ማነው የሚነዳት?» አለ።

«እኔ ነኝ። ይርጋ እባላለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ» አላት።

በዚያው ቀን ጀመረኝ፣ ቅናቱ ማለቴ ነው።

እጁን ታውቁታላችሁ። የሚነካውን ሁሉ በእጁ ጀርባ ነው የሚነካው፤ ራዲያተሩንም፣ የሻይ ብርጭቆውንም። አቶ ነስሩ ትኩሳት ይዟቸው ልንጠይቃቸው የሄድን ጊዜ እንኳ ግንባራቸውን በእጁ ጀርባ ነክቶ «ምንም አይደል፤ አየር ይዘው ነው» አለ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፣ ሲስቁ አላባቸው፣ ሲያልባቸው ትኩሳቱ ለቀቃቸው። መርፌ የወጋቸውን ሐኪም ያስታወሰ የለም፤ ምስጋናው ለጎሹ ሆነ። ታዲያ አልቅና?

ግን ዋናውን ቅናቴን ያመጣው ሞተሩ ነው።

በ1994 የላንድሮቨሯ ሞተር አለቀለት። ማኅበሩ ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አመጣ። ሞተሩ ለእሷ የተሠራ አይደለም። ውሃ የሚወጣበት በቀኝ፣ የራዲያተሩ መግቢያ በግራ። ውሃውን የሚያመላልሱት ጎማዎች፣ ማኒኮቶ የምንላቸው፣ እንዲደርሱ ከተፈለገ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ማለፍ አለባቸው። ጎማ እዚያ ላይ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ጋሽ ጎሹ ምን አደረገ? የብረት ቧንቧ አምጥቶ፣ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ውስጡን አሸዋ ሞልቶ፣ በእሳት አግሎ እንደ ክንድ አጠፈው። አሸዋውን አራግፎ፣ አጥቦ፣ በሞተሩ ፊት ከጭሱ አርቆ አዞረው። ጎማው ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ቀረ።

ለሙከራ ወጣን። ገና ከከተማ ሳንርቅ ፈላች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤ ጥርስህን አትደብቅ» አለኝ። «ውሃው አልጎደለም። ይሄ ሞተር ከራዲያተሩ ከፍ ይላል። አየሩ አናቱ ላይ ታፍኖ መውጫ አጣ።»

ተመልሶ ከቆመ አይሱዙ ላይ ትንሽ የውሃ ጋን ፈታ። ከሞተሩ አናት በላይ፣ ከሁሉም ከፍ አድርጎ አሰረው። ከሞተሩ አናት ወደዚያ ጋን ጣት የምታክል ቀጭን ጎማ ሳበ። አየሩ በዚያ ወጣ፤ ውሃው ቦታውን ያዘ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ፈልታ አታውቅም።

እኔ ግን ከሰርኩ። ድሮ ኮንጋ መንደር ስደርስ ሁሌ ትፈላለች፤ ሰዉ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። «ይርጋ፣ ዛሬም ጠማት እንዴ?» ይሉኛል፣ አቮካዶ ይሰጡኛል፣ እንጫወታለን። አሁን ሳልቆም አልፋለሁ። አንድ ቀን ሰው ላወርድ ብቆም አንዲት እናት መጡ። ደስ ብሎኝ መስኮቱን ከፈትኩ። «ጎሹ ደህና ነው?» አሉኝ። መሪውን የያዝኩት እኔ፣ ሰላምታው ለእሱ!

በዚያው ዓመት ክረምት ባለቤቴ ኤልቤቴል ልትወልድ ፍስሐ ገነት እናቷ ጋ ነበረች። ምጡ ጠናባት። «ቶሎ ዲላ አድርሷት» ተባልን። እሷንና እናቷን ከኋላ ጫንኩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ከፊታችን ያ የምታውቁት ዳገት አለ።

«ይርጋ፣ እንዳትቆም» አለችኝ።

«አልቆምም» አልኳት። ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ የሙቀት መለኪያው ላይ። በከባድ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ቀስቷን «አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች» እያልኩ አያለሁ። እናቷ ይጸልያሉ። እኔ መጸለይ አቅቶኝ «ጎሹ፣ ጎሹ» እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቀስቷ አልተነሣችም። ኮንጋን ሳልቆም አለፍኩ። ዲላ ደረስን። ሐኪሞቹ ተቀብለው አስገቧት። ሲወጡ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብለው ጀምረው ተዉት።

ኤልቤቴል ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን ይመስላችኋል?

«መኪናዋ ፈላች?»

«አልፈላችም።»

«እንግዲያው ልጁ ጎሹ ይባል።»

«እንዴ! የነዳሁትስ እኔ?»

«አንተማ አባቱ ነህ፤ ሌላ ምን ጎደለህ?»

ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴ ስገባ በገዛ አፌ «ጎሹ፣ ና እራት ብላ» እላለሁ።

ጋሽ ጎሹ፣ አሁን ወዳንተ ልዙር። ቀና በል እንጂ፤ መሬቱን ምን ታየዋለህ?

እኔ ከመሪው ከወረድኩ መኪናዋ ትቆማለች። ሥራዬ እኔ ባለሁበት ብቻ ነው ያለው። አንተ ግን ያን ቀን እዚህ ዲላ ጋራዥ ውስጥ የሌላ መኪና ሥር ተኝተህ ነበር፤ ሥራህ ግን ዳገቱ ላይ ከእኔ ጋር ነበር። ሚስቴን ይዞልኛል፣ ልጄን ይዞልኛል። ከዚህ በላይ ምን የሚያስቀና ነገር አለ? አመሰግንሃለሁ። ያን ጊዜ ቤታችን መጥተህ ልጁን ስታቅፍ ልነግርህ ፈልጌ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ዛሬ በሰው ፊት ስለሆነ መሸሻ የለኝም፤ አመሰግንሃለሁ፣ ወንድሜ።

በጡረታህም እቀናለሁ። ከነገ ጀምሮ እኛ ጭቃ ስናቦካ አንተ አሪቻ ባለው ጓሮህ ውስጥ በቡናህ መሃል ትንጎራደዳለህ፤ «ጎሹ፣ ብሬኩ ያዘ» ብሎ የሚጠራህ የለም።

በሉ እንግዲህ፣ ቢራም የያዛችሁ፣ ለስላሳም የያዛችሁ፣ ተነሡ! ለጋሽ ጎሹ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር! ጉልበትህ አይድከም፤ ቤትህ ጠያቂ አይጣ፤ የልጅ ልጅ ታቅፈህ ሳም።

እኔም ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ። የእኔ ሽኝት ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጥልኝና አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አንተ በእኔ ቅና።

ለጤናህ!